ቀዩን ስጠብቅ

ቤተ ሙከራችን ታርቱ ነው፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፤
ጥር ሲገባ ወንዙ ይቆማል፣ ይመስላል ድንጋይ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነኝ፣ በዚሁ መስኮት ሥር
የሰው ደም ስቀበል፣ ነጩን ሕዋስ ከቀዩ ስለይ፣ ስሰፍር።
እጄ ለምዷል፤ ልቤ ግን ይኸው እስከ ዛሬ
በዚያች በመጨረሻዋ ደቂቃ ይሆንብኛል ጥሬ።

ስሙ ረጅም ነው፤ አሪልሰልፋቴዝ ይለዋል መጽሐፍ፤
እኔ «ቆራጩ» እለዋለሁ፣ ካፖርቴን ስሰቅል ከደጃፍ።
ሥራው መቁረጥ ነዋ፤ ሰልፌቱን ከስቡ ጫፍ ያነሣል፤
እሱ የሌለ ቀን ጉድፉ ይከመራል፣ የሕዋስ ጓዳ ይበሰብሳል፤
የነርቩ ልባስ ይላጣል፣ እንደ አሮጌ ሽቦ፤
መልእክት ከአእምሮ ይነሣል፣ ከእግር አይደርስም ቀርቦ።

እኔ ይህን ሁሉ አላይም።
የማየው ቢጫ ቱቦ ነው፣ ከትሪው የተቀመጠ፤
ቆራጩ ካለ፣ ሶዳ ሲነካው ቀይ ይሆናል፣ ውስጡ እንጆሪ እንደ ፈረጠ።
ከሌለ ቢጫ ይቀራል።
ቢጫ ብቻ።

የትሪኑ ደም ሐሙስ ደረሰ፣ በበረዶ ተከቦ።
ሁለት ዓመት ከመንፈቅ። መሄድ ለምዳ ረሳችው አሉ።
«ሰነፍ ናት» አለ ጎረቤት፤ «ጫማ ጠቧት ነው» አለች አያት፤
ሦስት ጫማ ተገዛላት፤ ሦስቱም አላስኬዳት።
ሶዳውን ጨመርኩ። ጠበቅኩ።
ደገምኩ፤ ሶዳው አርጅቶ ይሆናል ብዬ፣
ሠለስኩ፤ ጥፋቱን በገዛ እጄ ላይ ጥዬ።
ምነው እጄ ሰንፎ በሆነ! ምነው ዓይኔ ታሞ!
ቢጫው አይመለስም፤ እንደ ምስክር በቃሉ ጸንቶ ቆሞ።

እናቷ ኤቪ ባቡር ነጂ ናት። «በቁጥር ንገሪኝ» አለች።
«ከዜሮ አጠገብ ነው» አልኳት።
ቆራጥ ናት፤ ቆራጩን ግን ለልጇ ማውረስ አልሆነላት።

መድኃኒቱስ አለ። ግን የሚሠራው ሕመሙ ሳይጀምር ነው፤
ቤቱ ሳይቃጠል ብቻ የሚመጣ እሳት አጥፊ።
ጭስ ሳይታይ ማን ይጠራዋል?

ከዚያ ኡኩ መጣ፤ ወንድሟ፣ አምስት ወሩ፣ በእናቱ ክንድ ተኝቶ።
የሱም ቱቦ ቢጫ። ነገር ግን የአባቱም ገርጥቶ።
አባቱ ታርሞ ጥድ ቆራጭ ነው፤ ነገሩ ራሱ ያስቃል፤
ኢንዛይሙ ከጭብጥ ያነሰ፣ እሱ ግን በቀን አርባ ግንድ ይጥላል።
ቱቦ አንዳንዴ ይዋሻል፤ ጤነኛውን በሽተኛ ይላል።
ታዲያ የሕፃኑ ቢጫ የማን ነው? የአባቱ ወይስ የእህቱ?
ሽንቱ ይናገር አልን፤ ያልተቆረጠው ስብ ይታያል በሽንቱ።
አምስት ቀን። ኤቪ በየማታው ደወለች፣ ከባቡር ጣቢያ፤
ምንም አልጠየቀችም። አወራን፣ ስለ ሐዲድ፣ ስለ በረዶ መጥረጊያ።

የእህቱ ነበር።

ሚላን ወሰዱት። መቅኔውን ቀድተው፣
የጎደለችውን ፊደል ከባዶው ቦታ ጽፈው፣
መልሰው በደም ሥሩ አፈሰሱለት።
አንድ ወር ሙሉ ከመስታወት ኋላ ተኛ፤ ፀጉሩ ረገፈ፤
ታርሞ በመስታወቱ ላይ የጣቱን አሻራ አሳረፈ።
እሳት አጥፊውን ማን ጠራው? የነደደችው ናት፤
ወንድሟን ያወጣው የሷ ጭስ ነው። ማንም ይህን አልነገራት፤
ቢነግራትም አትሰማም አሁን።
ትሰማ ይሆን?

ትናንት የኡኩ ደም መጣ። ሁለት ዓመት ሞልቶታል።
ሶዳውን ጨመርኩ፤ ለመቁጠር እንኳ ጊዜ አልሰጠኝም፤
ቀይ። ከነጭማቂው።
ቱቦውን ወደ መስኮቱ አነሣሁ። ወንዙ ቀልጧል።

ስልክ ደወልኩ። «ቀይ ነው» አልኳት።
ዝም አለች። ከኋላዋ መሣሪያው ይሰማኛል፣
የትሪኑን አክታ የሚስበው፣ ሲያጓራ፣ ሲያቆም፣ ሲያጓራ።
«መሮጥ ጀምሯል» አለች ቆይታ፤
«ሦስት ጫማ አለን፣ አንዱም ሶሉ አልተነካ።
የትኛውን ላድርግለት?»

እኔ የምሰጠው ቁጥር ነው።
ቁጥሩን ጻፍኩ፤ ቱቦውን ሳላጥብ ወደ ማታ ተውኩት።